የደቦው ስም ጠሪ

ገቢሳ ጉተማ ጥሩ ገበሬ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ሰው ከሞተ በኋላ ሁሉም ጎበዝ አራሽና ደግ ጎረቤት ሆኖ ሲወራለት ስለሚያናድደኝ ነው። የገቢሳን በቆሎ ከአረሙ ለመለየት ዓይን ማጥበብ ያስፈልግ ነበር። አጥሩን በአንድ በኩል ሲያጥር በሌላ በኩል ይፈርስበታል፤ በሬዎቹም ከእሱ ይልቅ የሚስቱን የድርቤን ቃል ይሰማሉ። ሰውን ከሰው ጋር አቁሞ በማሠራት ግን እንደሱ ያለ በዕድሜዬ አላየሁም። ሰው ያላየሁ ደግሞ አይደለሁም፤ በመምህርነት ዘመኔ ስንት ዳይሬክተርና ስንት ሰብሳቢ አሳልፌአለሁ።

“እሱ” እያልኩ የምጽፈው ንቄው አይደለም፤ በዕድሜ ቢሆን አባቴ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። መጀመሪያ “አንቱ” ስለው “ሳላረጅ አታስረጂኝ” ብሎ ተቆጣኝና ከዚያ ወዲህ አንተ አልኩት። ከሞተ በኋላ አንቱ ብዬ ብጽፍ ከመቃብር ተነሥቶ የሚቆጣኝ ይመስለኛል።

እኔ ሐረግወይን ተድላ እባላለሁ። አባቴ ከጎጃም መጥቶ ነቀምቴ ላይ የልብስ ስፌት መኪናውን የተከለ ሰው ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ገበያ ውስጥ ኦሮምኛ እየተናገርኩ አደግሁ። በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ጉቶ ጊዳ ውስጥ ቱሉ ጫሊ ወደምትባል መንደር አስተማሪ ተብዬ ተላክሁ። ከነቀምቴ ማለዳ የተነሣ ሰው በእግሩ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። ኦቦ ፉፋ የሚባሉ የተከበሩ ሽማግሌ ደጃቸው ላይ ያለውን ትልቅ ሾላ ሰጡን፤ ጥቁር ሰሌዳዬን ግንዱ ላይ አስደግፌ ማስተማር ጀመርኩ። ዝናብ ሲመጣ ልጆቹ ወደየቤታቸው፣ እኔ ወደ ኦቦ ፉፋ ምድጃ።

መጀመሪያ ገቢሳን ያየሁት ልጁን ሎሚን ይዞ ሲመጣ ነው። ረጅም፣ ትከሻው ወደ ፊት ጎበጥ ያለ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። እንደዚህ ዝም ያለ ሰው ኖሮ ያውቃል ወይ ብዬ ድርቤን ብጠይቃት ሣቀችብኝ።

“አንቺ ሐረጌ፣ እሱ ዝም ካለ ወዲህ ቤቴ ገዳም ሆኗል” አለችኝ።

አንቾቴ የሚባለውን የወለጋ ሥራ ሥር እየላጠች ነበር የነገረችኝ፤ እኔም እያገዝኳት፣ ማለት አንዱን እስክልጥ እሷ አምስቱን እየጨረሰች።

ደቦ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ግን ሃያ ሰው ጠርተህ ሃያ ሰው ዶማ ይዞ ስለመጣልህ ደቦ አለህ ማለት አይደለም፤ ያለህ ሃያ ዶማ ነው። በዚያ መንደር ደቦውን ደቦ የሚያደርገው ስም ጠሪው ነበር። ስም ጠሪ መሣሪያ አይዝም። ከሠራተኞቹ ፊት ፊት፣ ወደ ኋላው እየሄደ፣ ዜማ እያወጣ አንድ በአንድ ይጠራቸዋል። የሚጠራቸውም በገዛ ስማቸው አይደለም፤ በሚወዱት ሰው በኩል ነው። የእገሊት አባት፣ የእገሌ ወንድም፣ የእገሊት ልጅ እያለ። የተጠራው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመልሳል፣ ዶማውም አብሮ ይወርዳል። ማንም አይዘለልም፤ መዘለል ስድብ ነው። ስም ጠሪው ደግሞ እንዳሻው ይቀልዳል፣ ያሞግሳል፣ ይነካካል። ደቦ ላይ የተነካ ሰው አይቀየምም፤ ልማዱ ነው።

ገቢሳ ከወጣትነቱ ጀምሮ የመንደሩ ስም ጠሪ ነበር። ድርቤ እንዳለችኝ፣ የእያንዳንዱን ሰው መክፈቻ ያውቃል። ኢዶሳ የሚባል ግዙፍ ጎረቤታቸው ከተሞገሰ ይተኛል፤ ስለ አማቱ ከተቀለደበት ግን የሦስት ሰው ሥራ ይሠራል። ዓይን አፋሩን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠራዋል። የደከመውን አይጠራውም፤ ልጁን ይጠራለታል፣ ሰውዬውም ስለ ልጁ ሲል ይነሣል። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማረውም። ሰውን ማየት ይወድ ነበር፣ ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም።

የኦቦ ፉፋ ታናሽ ወንድም ባቻ ይባል ነበር፤ ለገቢሳ የልብ ጓደኛው ነው። አንድ ቀን ደቦው ዝግባ ሊጥል ጫካ ወጣ። ገመዱን ከላይ ቅርንጫፍ ላይ የሚያስር ሰው ተፈለገና ባቻ ዛፉ ሥር ቆሞ ሽቅብ እያየ አመነታ። ያኔ ገቢሳ ዜማ አወጣለት። ወደ አማርኛ ሲመለስ ለዛው ቢጠፋም እንደዚህ ያለ ነው፦

የፉፋ ወንድም ምን ሆነ፣ ምን ነካው?
የረዘመበት ዛፉ ነው ሰማዩ ነው?

ሰው ሣቀ። ባቻም ሣቀና ወጣ። ከላይ ሆኖ ሊመልስለት አፉን ሲከፍት ቅርንጫፉ ተገነጠለ።

የገፋው ሰው የለም፣ የሰደበው ሰው የለም። ሽማግሌዎች ተቀምጠው የዋቃ፣ የአምላክ ሥራ ነው አሉ። ገቢሳ ግን በቀብሩ ማግሥት እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ ኦቦ ፉፋ ፊት ቆመ። በዚያ አገር እርጥብ ሣር ይዞ የመጣን ሰው ሣሩን ከተቀበሉት ቂም የለም ማለት ነው። “እርስዎ ራስዎ ጥራ እስኪሉኝ ድረስ፣ ሰው በሚሠራበት ቦታ ድምፄ አይሰማም” ብሎ ማለ። ኦቦ ፉፋ ሣሩን ተቀበሉት። ቃል ግን አልተነፈሱም።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት አልፏል። ገቢሳ ደቦ ሲጠራ ይመጣል፣ እንደ ሰው ዶማ ይይዛል፣ አንገቱን ደፍቶ ይቆፍራል። ሌላ ሰው ስም ሊጠራ ሞክሮ ነበር፤ እሱ ባለበት ሁሉም አፈሩ። ኦቦ ፉፋን ሄዶ “ይፍቱት” የሚል ሰው አልተገኘም። ሟች ወንድማቸውን አንሥቶ ማን ይነግራቸዋል? ሁሉም ቂማቸው አልበረደም ብሎ አሰበ፤ እሳቸውም ከደቦ ቀርተው ባያውቁም፣ ሥራቸውን ሠርተው በትራቸውን አንሥተው ይሄዳሉ።

የካቲት ላይ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ሰው በበቅሎ መጣ። ሾላውን አየ፣ ልጆቹን አየ፣ እኔን አየ። ክፉ ሰው አልነበረም። “ከክረምት በፊት የቤቱ ምሰሶና ማገር ከቆመ ቆርቆሮ እንልካለን። ካልቆመ አስተማሪዋ ወደ ተዘጋጀ መንደር ትዛወራለች” አለ። አስተማሪ የሚጠብቅ ሌላ ሁለት መንደር ነበርና እውነቱን ነው።

እኔ ብዛወር ደመወዜ አይቀርም። የሚቀርባት ሎሚ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፣ ከአርጆ በኩል ሽማግሌ ተልኮባታል። ገቢሳ ሽማግሌዎቹን “ልጄ ትምህርት ላይ ናት፣ ስትጨርስ እንነጋገራለን” ብሎ መልሷቸዋል። እምቢ ቢል ሁለት ቤተ ዘመድ ይጣላ ነበር፤ በዚህ መልስ ግን የሚቀየም የለም። ትምህርት ቤቱ ከሄደ መልሱም አብሮ ይሄዳል። ይህን ድርቤ ሳይሆን እሱ ራሱ ነው የነገረኝ፤ ከእሱ የሰማሁት የመጀመሪያው ረጅም ንግግር ነበር።

መንደሩ የሰጠን ቦታ ዳገት ነው። አገር የሰጠውን አያማርጡም፣ ግን ዳገቱን ቆርጦ መደልደል የወር ሥራ ነው። ደቦ ተጠራ። ሰው መጣ፣ ዶማ መጣ፣ ዝምታም አብሮ መጣ። እያንዳንዱ በገዛ ልቡ ትንሽ ቧጨር ያደርግና ጀርባውን ያቀናል። ከሰዓት በኋላ ከብት ሊያስገባ የሚሄድ፣ ገበያ አለኝ የሚል፣ እንዲሁ የሚጠፋ። መንደሩ አብዛኛው ወንጌላዊ ስለሆነ የመዘምራኑ መሪ መዝሙር እናውጣ አለ። መዝሙሩ ያማረ ነው፣ ነገር ግን ከመቀመጫ ላይ ሆነው እንዲዘምሩት የተሠራ ነው። ሰዉ ዶማውን አንሥቶ ስንኙ እስኪያልቅ ሰማይ ላይ ይዞት ይጠብቃል። አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ኢዶሳ ዶማውን እንደያዘ አለቀሰ። መሬቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

በማግሥቱ ልጆቹ ከተበተኑ በኋላ ገቢሳ መጥቶ ሾላው ሥር ተቀመጠ።

“በርሲስቱ፣ ዛሬ ልጆቹን ምን አስተማርሽ?” አለኝ። በርሲስቱ በእነሱ ቋንቋ መምህርት ማለት ነው።

“የጠቅላይ ግዛት ዋና ከተሞች።”

“እስቲ ንገሪኝ።”

የከፋ ጅማ፣ የኢሉባቦር ጎሬ፣ የወሎ ደሴ፣ የባሌ ጎባ እያልኩ ነገርኩት። በጣቱ የሰሌዳውን ጠርዝ እየመታ ሰማኝ። ከዚያ “ድገሚው” አለ። ደገምኩለት። ሦስተኛ ጊዜ ላይ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ጀመር፣ ድምፅ ግን የለውም። ከዚያ ቀና ብሎ፣ “እኔ ምያለሁ። አንቺ አልማልሽም” አለኝ።

ለካ ስም ጠሪ እንድሆን ነው። ድምፄ ዘይት ያልነካው በር ይመስላል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እናቴ ሠርግ ላይ አታዚሚ ትለኝ ነበር። ይህን ብነግረው “በርም ቢሆን ሰው ይሰማዋል” አለ።

እንዴት እንዳስተማረኝ ብጽፍ ትልቅ መጽሐፍ ይወጣው ነበር። ዜማውን በአፉ አልነገረኝም፤ ስለማለ በእግሩ ነው ያስተማረኝ። በግራ እግሩ ሲረግጥ እጠይቃለሁ፣ በቀኙ ሲረግጥ ሰዉ ይመልሳል። “አትጩሂ፤ ትንፋሽሽን ዶማው ሲወርድ ልቀቂው” ይለኛል። ልጆችን ማስተማር በተማርኩበት ቦታ እንዲህ አጥብቆ የተቆጣኝ ሰው አልነበረም። በለውጡ ፊደል ላስተምረው ተስማማን። ገቢሳ የሀን ቤት ጨርሶ ለ ላይ ሲደርስ ሰለቸው፤ ከዚያ ወዲህ ፊደል የሚባል ነገር አንሥቶብኝ አያውቅም። ሁሉ ነገር ለሁሉ ሰው አይደለም።

ደቦው ፊት የምቆምበት ቀን መጣ። “የከፋ?” አልኩ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። “የከፋ?” አልኩ እንደገና፤ ከኋላ አንዲት ድምፅ “ጅማ!” አለች። ድርቤ ናት፤ ሎሚ ቤት ስታጠና ሰምታ ኖሯል። ገቢሳ በቀኙ ረገጠ፣ ዶማውም ወረደ። “የኢሉባቦር?” ሁለት ሦስት ሰው “ጎሬ!” አለ። ቀትር ሳይደርስ ሰዉ ሁሉ ይዞት ነበር።

“የወሎ?”
“ደሴ!”
“የባሌ?”
“ጎባ!”
“የወለጋ?”

ነቀምቴ ሲባል የወፍ መንጋ ተነሥቶ የሄደ ይመስለኛል፤ እንደዚያ ነበር የጮኹት።

የጎጃም ላይ ችግር መጣ። ደብረ ማርቆስ ለአንድ ዶማ በዛና ግማሹ ደብረ ላይ፣ ግማሹ ማርቆስ ላይ እየመታ ደቦው ተደበላለቀ። የአባቴ አገር አሳፈረኝ ብዬ ላልፈው ስል ገቢሳ እጁን አነሣ። ዶማውን ደብረ ላይ አንሥቶ፣ ማርቆስ ላይ ጣለው። ሰው አይቶ ተከተለው። እንዲያውም ከሁሉ የሚጥም እሱ ሆነ፣ አሥር ጊዜ አስደገሙኝ።

በሳምንቱ ይህም ለዘዘ። ገቢሳ እንደ ልማዱ ልጆቹ ሲበተኑ መጥቶ “ሰው አገር ሲሰማ ይመልሳል፣ ራሱን ሲሰማ ነው ጉልበት የሚያወጣው” አለኝ። ስለዚህ አገር አደልናቸው። ለኢዶሳ ጎሬን፣ ለድርቤ ደሴን ሰጠሁ። አገሩ ሲጠራ ባለቤቱ ብቻውን ይመልሳል፣ ካልመለሰ አገሩን ይነጠቃል። ረዲ የሚባል የጉራጌ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ፣ ያማረ ጫማውን አውልቆ መጥቶ ነበር። “የኛ አገር የት አለ?” አለኝ። ሸዋ ውስጥ ነው ስለው “እንግዲያስ ሸዋን ከነዋና ከተማው አምጪ፣ ከዚያ ያነሰ አልቀበልም” አለ። ሰጠሁት። ከሱቁ ምስማር ሲሸጥ እንኳ አዲስ አበባ ብለው ይጠሩት ጀመር፣ ደስ ይለው ነበር።

እንዲህ ሆኖ ዳገቱ ተደለደለ። ከዋና ከተሞች ወደ ማባዛት፣ ከማባዛት ወደ ተክል ክፍሎች አለፍን። ዕንጨት የተጎተተው “ሰባት በሰባት” እየተባለ ነው። መጻፍ የማይችሉ አዛውንት ከልጆቻቸው ጋር እራት ላይ በማባዛት ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ ክፍሌ ውስጥ ልጆቹን ማየት ጀመርኩ። ከዚያ በፊት ስም የምጠራው ማን እንደቀረ ለማወቅ ነበር። ማን ሲሞገስ እንደሚነሣ፣ ማን ሲነካካ እንደሚነቃ፣ ማንን ዝቅ ባለ ድምፅ መጥራት እንደሚያስፈልግ ማስተዋል ከገቢሳ ነው የተማርኩት። ኋላ ስለ አመራር ሥልጠና ሲሰጡን፣ አሠልጣኙ በጠመኔ ክብ እየሣለ ሲያስረዳ፣ እኔ የማስበው የገቢሳን ሁለት እግሮች ነበር።

ምሰሶ የምናቆምበት ቀን ግንቦት ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት ዘንቦ መሬቱ ርሷል፤ ክረምቱ እንዳይቀድመን ግን መጠበቅ አልቻልንም። ሦስት ምሰሶ ነው። የዳርና ዳሩ ሁለቱ በሰላም ቆሙ። መካከለኛው ዋንዛ ነው፤ ረጅምና ከባድ፣ ሥሩ በጉድጓዱ አፍ ላይ ተደግፎ ጫፉ መሬት ላይ ተጋድሟል። በአንድ ወገን ገመድ የሚስቡ ቆሙ፣ ኦቦ ፉፋ ከፊት፣ ረዲ ከኋላቸው። በሌላው ወገን ግንዱን ከሥር በባላ የሚገፉ፣ ገቢሳና ኢዶሳ ከመካከል። እኔ እጠራለሁ።

ወር ሙሉ ስጠራ የከረመ ድምፄ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሻክሯል። ግንዱ ግማሽ መንገድ ሲደርስ “ስምንት በስምንት” ልል ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ሰዉ ጠበቀኝ። ግማሹ ሳብኩ ሲል ግማሹ አረፈ፣ ግንዱም ወደ ጎን አዘነበለ። የግንዱ ሥር በጭቃው ላይ ተንሸራተተ። የኢዶሳ ባላ ተንቋቋ። ግንዱ ከበላያቸው ነው፤ ከለቀቁት ይደፋባቸዋል፣ ሊሸሹም አይችሉም።

ገቢሳን አየሁት። አፉን ከፈተና ዘጋው። የአንገቱ ሥሮች ተገትረዋል። ሎሚ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ነበር፣ ድርቤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነችባት።

ያኔ ኦቦ ፉፋ፣ ገመዱን እንደያዙ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ በኦሮምኛ “ገቢሳ፣ ጥራን እንጂ” አሉ። ልክ ትናንት ማታ ያቋረጡትን ወሬ የሚቀጥሉ ይመስል ነበር።

መጀመሪያ የወጣው ድምፅ አላማረም፤ ብዙ ዓመት የተኛ ድምፅ ነው። ሁለተኛው ላይ ግን ከፀጉሬ እስከ እግሬ ነዘረኝ። የልጁን ስም አንሥቶ ኢዶሳን ጠራው፣ ኢዶሳ እንደ በሬ ጮኾ ባላውን አቀና። አንድ በአንድ ሄደ። ረዲ ወደ መንደሩ የመጣው ገቢሳ ዝም ካለ በኋላ ነው፤ ሆኖም “የዘርፈሽ ልጅ!” ብሎ ሲጠራው ረዲ ደንግጦ ገመዱን ሳበ። የእናቱ ስም ነው። መቼ እንደጠየቀው ረዲም አያስታውስም። ለካ ገቢሳ አፉን ዘግቶ እንጂ ዓይንና ጆሮውን አልዘጋም፤ እያንዳንዱ የሚወደውን ሰው ስም ለዚያ ሁሉ ዓመት ሰብስቦ አስቀምጦ ነበር። “የተድላ ልጅ!” ሲል እኔን መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ዘገየሁ። ከዚያ ሮጬ የገመዱን ጭራ ያዝኩ። አባቴን በዚያ ዳገት ላይ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። አሁንም ሳስበው ዓይኔ ይሞላል።

ግንዱ ሊቆም ጥቂት ሲቀረው ሁሉም ተጠርቶ አንድ ሰው ቀረ። ደቦ ላይ ሰው አይዘለልም። ኦቦ ፉፋ ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ የላቸውም፤ ድሮ ደቦ ላይ የሚጠሩበት አንድ ስም ብቻ ነበር። ሁሉም ያውቃል። ገመዱ በእጃችን እንደተወጠረ ቆመ።

“የባቻ ወንድም!” ብሎ ጠራ ገቢሳ።

ኦቦ ፉፋ መለሱ። ምን ብለው እንደመለሱ አልሰማሁም፤ ገመዱ ከእጄ አምልጦ ሄደ፣ ምሰሶውም ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ መሬቱን አነቃነቀው።

ቀሪውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ማገሩ ቆመ፣ ቆርቆሮው በአህያ ተጭኖ መጣ፣ እኔም አልተዛወርኩም። ከአርጆ የመጡት ሽማግሌዎች ተመልሰው መጥተው ያንኑ መልስ ሰሙ። ሎሚ ቱሉ ጫሊ ውስጥ የነበረውን ክፍል ሁሉ ጨርሳ ነቀምቴ ገባች፣ ከአባቴ ቤት ሆና ተማረች። ገቢሳ እስኪሞት ድረስ የሦስት ወረዳ ደቦ እየጠራ ኖረ፤ በቆሎው ግን ከአረሙ አልተለየም።

ያን ቀን ግን፣ ሰው የምሰሶውን ሥር በድንጋይ ሲሞላ፣ ገቢሳ ወደ ዳር ሄዶ እርጥብ ሣር ነጭቶ መጣ። ኦቦ ፉፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በገመድ የተላጠ መዳፋቸውን ያያሉ። ውኃ በቅል ላቀብላቸው አጠገባቸው ቆሜ ነበርና ሁሉን ሰማሁ።

“ሣሩን ጣለው” አሉት። “ያኔ ተቀብዬሃለሁ። ሣር ሁለት ጊዜ አይቀበሉም።”

“ታዲያ ቃል ለምን ነፈጉኝ?” አለ ገቢሳ።

“እንዴት ብዬ ልበልህ? ወንድሜ ሞቶ ዝፈን ብልህ አገር ምን ይለኛል? መጥተህ ትጠይቀኛለህ ብዬ ጠበቅሁ።”

“እኔ ደግሞ በየትኛው ዓይኔ አይቼዎት ልጠይቅ?”

 ሲከባበሩ ስንት ዓመት እንዳለፈባቸው ያን ጊዜ የገባቸው ይመስለኛል። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ደግ ሰዎችን እንዴት እንደሚጎዳ ሳስብ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ።

ኦቦ ፉፋ ውኃውን ሳይጠጡ ቅሉን መለሱልኝ።

“ባቻ ከሞተ ወዲህ ቤቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ ስሙን እየዘለለ ነው የሚያወራኝ” አሉ። “እንዳላዝን ብለው ነው፤ አውቃለሁ። አንተም ዝም ስትል የሚጠራልኝ ጠፋ። በዚህ ሁሉ ዓመት የወንድሜን ስም በሰው አፍ የሰማሁት ዛሬ ነው።”

ገቢሳ ሣሩን ከእጁ ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

“እስቲ ደግመህ ጥራልኝ” አሉት።